ከመንገድ የሚመለስ አይሮፕላን

በምድር ደቡባዊ ጫፍ፥ በዋልታው ዙሪያ፥ አንታርክቲካ የሚባል ታላቅ ምድር አለ። ስፋቱ ወደ 14 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ ይኸውም ኢትዮጵያን የሚያህል አገር አሥራ ሁለት ጊዜ ቢቀመጥበት ገና ቦታ ይተርፈዋል። ነገር ግን በዚህ ሁሉ ስፋት ላይ አንድ እርሻ፥ አንድ ዛፍ እንኳ አይገኝም። ከጥቂት ተራራና ከጥቂት ሸለቆ በቀር ምድሩን በረዶ ሸፍኖታል፤ የበረዶውም ውፍረት በአማካዩ ወደ 2 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። በ1983 በሐምሌ ወር ቮስቶክ በሚባለው የሶቪየት ሰፈር የተለካው ብርድ ከዜሮ በታች 89 ዲግሪ ነበረ። (በዚህ ጽሕፈት የሚጠሩት ወራትና ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) ደግሞም በዚያ አገር ሐምሌ የጨለማ ወር ነው፤ በዋልታው ላይ ፀሐይ በዓመት አንድ ጊዜ ወጥታ አንድ ጊዜ ትጠልቃለች፤ ስድስት ወር ቀን፥ ስድስት ወር ሌሊት ይሆናል።

በዚህ ምድር ተወላጅ ሕዝብ የለም። የሚኖሩበት ከልዩ ልዩ አገር የመጡ ሊቃውንትና ሠራተኞች ናቸው። ስለ ምን ወደዚያ ሄዱ ቢባል፥ የአየሩን ጠባይ፥ የበረዶውን ዕድሜ፥ የከዋክብትን ነገር ለመመርመር ነው። የአሜሪካ ሰዎች ታላቁ ሰፈራቸው ማክመርዶ ይባላል፤ እርሱም በባሕር ዳር ነው። በዋልታው ነጥብ ላይ ደግሞ ሌላ ሰፈር አላቸው። መርከብ ወደ ማክመርዶ የሚደርሰው በበጋው ጥቂት ሳምንት ብቻ ስለ ሆነ፥ ሰውና ደብዳቤ፥ መድኃኒትና አዲስ አትክልት የሚመጣው በአይሮፕላን ነው።

ወደ ማክመርዶ የሚሄደው አይሮፕላን የሚነሣው ከኒው ዚላንድ፥ ክራይስትቸርች ከምትባለው ከተማ ነው። መንገዱ 3,800 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ፈጣኑ አይሮፕላን በ5 ሰዓት፥ ባለ አራት ሞተሩና በጎማ ፈንታ እንደ ረጅም ሳንቃ ያለ መንሸራተቻ የሚያወጣው ግን በ8 ሰዓት ያህል ይደርሳል። ከኒው ዚላንድ ከወጣ በኋላ እስከ በረዶው ምድር ድረስ ታች ያለው ባሕር ነው። ሞተር ቢታመም፥ ደመና ቢዘጋ፥ ዞር ብሎ የሚያርፍበት ሌላ ሜዳ በመንገድ አይገኝም።

ስለዚህ ነጂዎቹ ገና ሳይነሡ በካርታ ላይ አንድ ነጥብ ይወስናሉ፤ እርሱም የመመለሻ ነጥብ ይባላል። የነጥቡ ትርጕም እንዲገባ በረሓ ሊሻገር የተነሣውን ነጋዴ ማሰብ ይበቃል። ነጋዴው አቁማዳውን ውኃ ሞልቶ ይወጣል። ውኃው እስኪጋመስ ድረስ ልቡ ቢጠራጠር ወደ ቤቱ መመለስ ይችላል። ከተጋመሰ በኋላ ግን ተስፋው ሁሉ በፊቱ ባለው ጕድጓድ ላይ ነው፤ ጕድጓዱ ደርቆ ቢያገኘው መመለሻ የለውም። የአይሮፕላኑ ነዳጅ እንደ ነጋዴው ውኃ ነው። ልዩነቱ አይሮፕላን መንገድ ላይ ቆሞ ሊያስብ አለመቻሉ ነው፤ እያሰበም ነዳጁ ይነድዳል። ነፋስም ሲለወጥ የነጥቡ ቦታ ይለወጣልና፥ ነጂዎቹ በመንገድ ሳሉ ደጋግመው ያሰሉታል።

ወደ ነጥቡ ሲቃረቡ በራዲዮ ማክመርዶን ይጠይቃሉ። ጥያቄው አጭር ነው፤ ደመናው ከምድር ስንት ሜትር ከፍ ብሎአል? በሜዳው ላይ የቆመ ሰው ስንት ሜትር አርቆ ያያል? ነፋሱስ ከወዴት ይነፍሳል፥ ኃይሉስ ምን ያህል ነው? የሚበቃው ቁጥርና የማይበቃው ቁጥር አስቀድሞ በመጽሐፍ ተጽፎአል። የመጣው መልስ ከተጻፈው ወሰን በታች ከሆነ፥ አይሮፕላኑ ክንፉን አዘንብሎ ወደ መጣበት ይመለሳል።

ቁጥሩ ስለ ምን አስቀድሞ ይጻፋል? ነጂው ደንቈሮ ሆኖ አይደለም፤ ይልቁንም በሥራው የተመሰገነ ሰው ነው። ነገር ግን በሰማይ ላይ ሆኖ የሚያስብ ሰው ብዙ የሚጐትተው ነገር አለ። ከኋላው የተቀመጡት ሰዎች ለመድረስ ቸኩለዋል፤ ወገኖቹ ነጥቡን አልፈው ሄደው በደኅና ማረፋቸውን ሰምቶአል፤ ብዙ ሺህ ብር የሚያወጣ ነዳጅ በከንቱ ሊቃጠል ነው፤ መመለስም ፈሪ ያሰኛል ብሎ ይሠጋል። በምድር ላይ፥ በወንበር ተቀምጦ፥ ማንም ሳይጐትተው የጻፈው ቁጥር ግን ለማንም አያደላም።

መልሱን የሚልኩት የአየር ጠባይ መርማሪዎች ሥራቸው ከባድ ነው። በሌላው ዓለም አንዱ ከተማ ዝናቡን ለሁለተኛው ይነግረዋል። በአንታርክቲካ ግን ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ተሂዶ አንድ ሰው አይገኝም። ስለዚህ በበረዶው ላይ ሰው የማይጠብቃቸው መለኪያዎች ተተክለው በራሳቸው ወሬ ይልካሉ፤ መለኪያ የታሰረበት ፊኛ ወደ ላይ ይለቀቃል፤ ሳተላይቶችም ደመናውን ከላይ ሆነው ያነሣሉ። ይህ ሁሉ ሆኖ ነፋሱ ይቀድማቸዋል። የምድሪቱ መካከል እንደ ደጋ ከፍ ያለ ነው፤ የዋልታው ሰፈር ራሱ 2,800 ሜትር በሚያህል ከፍታ ላይ ይገኛል። በዚያ ደጋ ላይ የቀዘቀዘው አየር ይከብዳል፤ ከከበደም በኋላ እንደ ክረምት ጎርፍ በቍልቍለቱ ወደ ባሕር ይወርዳል። አውስትራሊያዊው ማውሰን ከ1912 ጀምሮ ከጓደኞቹ ጋር በሰፈረበት የባሕር ዳር ይህ ነፋስ በዓመቱ አማካይ በሰዓት ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ ሲነፍስ ተለክቶአል፤ ሰዎቹም ተጋድመው መራመድን ተማሩ። ነፋሱ እንደ ዱቄት የላመውን በረዶ ሲያነሣው፥ ጥዋት ብሩህ የነበረው ሜዳ ከአንድ ሰዓት በኋላ ላይታይ ይችላል።

በማክመርዶ የአየሩ ክፋት በሦስት ደረጃ ይነገራል። ሦስተኛው ደኅና ነው፤ ሁለተኛው ክፉ ነው። አንደኛው የታወጀ እንደ ሆነ ማንም ከቤት እንዳይወጣ ይከለከላል፤ ይኸውም ነፋሱ በሰዓት ከ100 ኪሎ ሜትር ሲያልፍ፥ ወይም ዓይን 30 ሜትር አርቆ ማየት ሲሳነው፥ ወይም ነፋስ የጨመረበት ብርድ ከዜሮ በታች ከ73 ዲግሪ ሲብስ ነው። ከቤት ወደ ቤት ሲሄድ የሚጠፋ ሰው ካለ፥ ከሰማይ የሚወርደው እንዴት ይሆናል?

ከመንገድ የተመለሰውን ጕዞ ሠራተኞቹ በጨዋታ ቡመራንግ ይሉታል። ቡመራንግ የአውስትራሊያ ነባር ሕዝብ የሚወረውሩት ጠማማ እንጨት ነው፤ ከእርሱም አንዳንዱ ዓይነት ዞሮ ወደ ወርዋሪው እጅ ይመለሳል። ወፍራም ልብስና ከባድ ጫማ ለብሰው፥ ስምንትና አሥር ሰዓት በሞተር ጩኸት ውስጥ ተቀምጠው፥ በመጨረሻ በተነሡበት በክራይስትቸርች መውረድ ደስ አያሰኝም። በማግሥቱ ተነሥተው ደግመው የሚመለሱም አሉ። ብዙዎች ያጕረመርማሉ፤ የሚያጕረመርሙት ግን በሕይወት ያሉት ናቸው።

በሐዋርያት ሥራ ያለው የጳውሎስ የባሕር ጕዞ ለዚህ ነገር ቅርብ ነው። የጕዞው ጊዜ ካለፈ በኋላ ጳውሎስ መርከቡ ከወደቡ እንዳይወጣ መከረ፤ የመቶ አለቃው ግን የመርከቡን ጌታና መሪውን አመነ። ወደቡ ለመክረም አልተመቻቸውም ነበርና። ለስላሳ የደቡብ ነፋስም በነፈሰ ጊዜ ያሰቡትን ያገኙ መሰላቸው፤ መልሕቃቸውንም አነሡ። ብዙም ሳይቈይ ዐውሎ ነፋሱ ወረደባቸው። በመርከቡ ላይ የነበሩት 276 ነፍስ ቢድኑም መርከቡ ጠፋ። እንግዲህ ሰዎቹን ያሳታቸው ማዕበሉ ብቻ አይደለም፤ ከማዕበሉ በፊት የነፈሰው መልካም ነፋስ ነው።

በአንታርክቲካም ከማዕበል ይልቅ የሚያስት አንድ ነገር አለ፤ ነጭ ጨለማ ቢባል ይገባዋል። ሰማዩ በደመና በተሸፈነ ጊዜ ብርሃኑ ከደመናው ወደ በረዶው፥ ከበረዶውም ወደ ደመናው እየተመላለሰ ጥላን ሁሉ ያጠፋል። ጥላ ከጠፋ ጕብታና ጕድጓድ አይለይም፤ ሰማይና ምድር የሚገናኙበት መስመርም አይታይም። ይህ ጉም አይደለም፤ አየሩ ጥርት ያለ ነው፥ በሩቅ ያለ ጥቁር ድንጋይም ይታያል። ሰው በጉም ውስጥ አለማየቱን ያውቃልና ይጠነቀቃል። በነጭ ጨለማ ግን የሚያይ ይመስለዋል።

በ1979 ኅዳር 28 ቀን ከኒው ዚላንድ የተነሣ ታላቅ አይሮፕላን ሰዎች በረዶውን ከላይ ሆነው እንዲያዩ ወደ ማክመርዶ ወሰዳቸው። በሰፈሩ አጠገብ 3,794 ሜትር የሚያህል ኤሬቡስ የሚባል የእሳት ተራራ አለ። በዋዜማው ሌሊት በአይሮፕላኑ መሪ መሣሪያ የሚገባው የመንገድ ቁጥር ተለውጦ ነበር፤ ለውጡም ለነጂዎቹ አልተነገራቸውም። እነርሱ በሰፊው የባሕር ወሽመጥ ላይ የሚሄዱ መስሎአቸው ሳለ መንገዱ ወደ ተራራው ያቀና ነበር። ተሳፋሪዎቹ ደኅና አድርገው እንዲያዩ ወደ 450 ሜትር ዝቅ አሉ። በፊታቸው ያለው የተራራው ነጭ ጎን ከነጩ ደመና ጋር አንድ ሆኖ፥ ረጅም ሜዳ መስሎ ታያቸው። የአደጋው ደወል የጮኸው ሊጋጩ ጥቂት ሰከንድ ሲቀር ነው። በውስጡ የነበሩት 257 ሰዎች ሁሉ አለቁ።

ከዚያ በኋላ ጥፋቱ የማን ነው የሚል ረጅም ክርክር ሆነ። አንዱ መርማሪ ነጂዎቹን ከሰሰ። በ1981 ዳኛው ፒተር ማሆን መርምሮ ዋናው ምክንያት ሳይነገር የተለወጠው ቁጥር መሆኑን ጻፈ። ከ40 ዓመት በኋላ፥ በ2019፥ የኒው ዚላንድ ጠቅላይ ሚኒስትር ጃሲንዳ አርደርን በመንግሥት ስም የሟቾቹን ቤተሰቦች ይቅርታ ጠየቀች። ልብ ሊባል የሚገባው ይህ ነው፤ ነጂው የሚወስነው በተነገረው ነገር ነው፤ የተነገረው ከተሳሳተ ጥንቃቄው ሁሉ በተሳሳተ መሠረት ላይ ይቆማል።

ሥርዓቱ ሁሉ ተጠብቆም መከራ የሚመጣበት ጊዜ አለ። በ2013 በጥቅምት ወር የኒው ዚላንድ አየር ኃይል አይሮፕላን ከ100 በላይ ሰዎች ይዞ ወደ ማክመርዶ ሲሄድ፥ በመመለሻው ነጥብ የሰማው ወሬ መልካም ነበረ። ነጥቡን ካለፈ በኋላ ግን ያልተጠበቀ ጉም ሜዳውን ሸፈነው። መመለስ አይቻልም፤ ማረፍም አይቻልም። ጉሙ ይገለጥ እንደ ሆነ ብለው ሁለት ሰዓት ያህል በሰማይ ዞሩ። ጉሙ አልተገለጠም፤ ነዳጁ ግን እያለቀ ሄደ። በመጨረሻ ከተፈቀደው ወሰን በታች በሆነ አየር፥ በጉሙ ውስጥ ወርደው አረፉ። ማንም አልተጐዳም። ነገሩን ግን የአገሩ የአደጋ መርማሪዎች እንደ ታላቅ አደጋ ቈጥረው መረመሩት፤ በደኅና ማለቁ ብቻ አላጽናናቸውም።

ወደ ዋልታው ነጥብ ለሚሄዱት ደግሞ ከጉምና ከነፋስ ሌላ ብርዱ ራሱ ጠላት ነው። በመጀመሪያ በዋልታው ላይ ያረፈው አይሮፕላን በ1956 ጥቅምት 31 ቀን የአሜሪካውን አድሚራል ዱፌክን ይዞ የወረደው ነው። ብርዱ ከዜሮ በታች 50 ዲግሪ ነበረ። በበረዶው ላይ የቆዩት 49 ደቂቃ ብቻ ነው፤ በዚያች ጊዜ ግን መንሸራተቻው ከበረዶው ጋር ተጣብቆ ሞተሩ ብቻውን ሊያላቅቀው አልቻለም። ለማስነሻ የታሰሩለትን 15 ሮኬቶች ሁሉ ከተኰሱ በኋላ በጭንቅ ተነሣ። እንዲህ ባለ ብርድ ዘይት እንደ ማር ይወፍራል፤ ላስቲክ እንደ ሸክላ ይሰነጠቃል፤ ነዳጅም ሊረጋ ይቀርባል። ስለዚህ ከየካቲት አጋማሽ እስከ ጥቅምት መጨረሻ ድረስ ወደ ዋልታው አይሮፕላን አይሄድም። በዚያ የሚከርሙት ጥቂት ሰዎች ይህን አውቀው ይቀመጣሉ።

በ1999 ከሚከርሙት መካከል አንዲት ሐኪም ነበረች፤ በሰፈሩም ከእርስዋ በቀር ሐኪም አልነበረም። በጨለማው ወራት በጡትዋ ላይ እብጠት አገኘች። ነቀርሳ መሆኑን ስትጠረጥር ወሬው ወደ አሜሪካ ደረሰ። እንግዲህ ምን ይደረግ? አይሮፕላን ይላክ ቢባል፥ በዚያ ጨለማና ብርድ ያረፈ ታላቅ አይሮፕላን ላይነሣ ይችላል፤ አንዲቱን ነፍስ ለማዳን የሄዱት ነፍሶችም ከእርስዋ ጋር ይቀራሉ። ይተው ቢባል፥ በሽታው አይጠብቅም።

የተመረጠው መካከለኛው መንገድ ነበረ። በሐምሌ ወር አንድ አይሮፕላን ሳያርፍ በላይዋ አለፈ። የሰፈሩ ሰዎች በበረዶው ላይ በበርሜል እሳት አንድደው ቦታውን አመለከቱ፤ መድኃኒቱና መሣሪያው በጨለማው ውስጥ በጃንጥላ ወረደ። ሐኪምዋም በሩቅ ያሉ ሐኪሞች በመልእክት እየመሩአት፥ ጓደኞችዋም እየረዱአት፥ ራስዋን ማከም ጀመረች። ሊያመጡአት የተመደቡት ነጂዎች ደግሞ ጊዜውን ጠበቁ። ፀሐይ በመስከረም ወጣች፤ ብርዱ ግን አልቀነሰም ነበር። መጠበቅ ከመሄድ ይልቅ የከበዳቸው ብዙዎች እንደ ነበሩ ማሰብ አያስቸግርም። ብርዱ አይሮፕላኑ ወደሚችለው ወሰን በቀረበ ጊዜ፥ ጥቅምት 16 ቀን፥ ባለ መንሸራተቻው አይሮፕላን ከማክመርዶ ተነሥቶ በዋልታው ላይ አረፈ። ሞተሮቹን አላጠፋም፤ አንድ ጊዜ ቢጠፉ ደግመው ላይነሡ ይችላሉና። ሐኪምዋ ተሳፈረች፤ ወዲያው ተነሣ። ወደ አገርዋ ተመልሳ ታክማ ወደ 10 ዓመት ያህል ኖረች፤ በ2009 ሕመሙ ተመልሶባት ዐረፈች።

ከዚያ ወዲህ በ2001 እና በ2016 በጨለማው ወራት እንኳ በሽተኛ ከዋልታው ወጥቶአል። ይህን የሠሩት ትዊን ኦተር የሚባሉ ከካናዳ የመጡ ትንንሽ አይሮፕላኖች ናቸው፤ ከታላላቆቹ ይልቅ ብርድ ይችላሉ። በ2016 በሰኔ ወር ሁለቱ ከካናዳ ተነሥተው፥ ደቡብ አሜሪካን አቋርጠው፥ ሮተራ ወደሚባለው የእንግሊዝ ሰፈር ደረሱ። ከዚያ እስከ ዋልታው 2,400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ መንገዱም ወደ 10 ሰዓት ይፈጃል። መልካም አየር እስኪገኝ ድረስ በሮተራ ቈዩ። ሁለቱም ግን ወደ ዋልታው አልሄዱም። አንደኛው ሲሄድ ሁለተኛው በሮተራ ቀረ፤ የሄደው ቢጠፋ የሚፈልገው እርሱ ነውና።

የሄደው በዋልታው ጨለማ በደኅና አረፈ። ሁለት በሽተኞች ተዘጋጅተው ይጠብቁ ነበር። ነጂዎቹ ግን ወዲያው አላሳፈሩአቸውም። አሥር ሰዓት የነዳ ሰው ሌላ አሥር ሰዓት ሊነዳ አይገባውምና፥ ገብተው ለሰዓታት ዐረፉ። ከተነሡም በኋላ የመንገዱና የሮተራ አየር ተመርምሮ ደኅና መሆኑ ሲታወቅ፥ በሽተኞቹን አሳፍረው ወደ ሰሜን በረሩ።